ቤታቸውን ከቤተ ጸሎታቸው ያልለዩ አባት

ታቦታቱ ትናንት በከተራ ከየመንበራቸው ወጥተው በየባሕረ ጥምቀቱ አድረዋል። ካህናቱ በማሕሌት፣ ምእመናኑ በጸሎትና በእልልታ ሌሊቱን አንግተውታል። ዛሬ ጥር 11 ቀን ውኃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ተረጭቷል። ነገ ጥር 12 ቀን ደግሞ ጌታችን በቃና ዘገሊላ በሠርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወይን ያደረገበት በዓል ይከበራል። አበው እንደሚያስተምሩት የቃናው ተአምር የተፈጸመው በየካቲት ወር ነው። ሆኖም ሊቃውንት የውኃውን በዓል ከውኃው በዓል ጋር አያይዘው በጥምቀት ማግሥት እንዲከበር ሥርዓት ሠርተዋል።

ክቡራን አንባብያን፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ! ይህን የሁለት በዓላት ጉርብትና ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ታላቅ ትምህርት አለበት። ዛሬ የምናከብረው በወንዝ ዳር የተገለጠውን ምሥጢር ነው፤ ነገ የምናከብረው በሰው ቤት፣ በማዕድ ዙሪያ የተገለጠውን ነው። በባሕረ ጥምቀቱ ዳር ያማረ ክርስትና ወደ ቤት ተመልሶ በባልና በሚስት፣ በወላጅና በልጅ መካከል ካልታየ ጎደሎ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ የገዛ ቤቱን ማስተዳደር ያልቻለ ሰው የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ሊጠብቅ እንዴት ይችላል ሲል የጠየቀው ስለዚህ ነው።

በዚህ የበዓል ገጻችን ቤተ ጸሎታቸውንና ቤተ ሰባቸውን በአንድ ልብ ስለ ጠበቁ፣ በሁለቱም በኩል ስለ ተፈተኑ አንድ አባት እንተርካለን። እኒህ ሰው ኢትዮጵያዊ አልነበሩም፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ልጅ አልነበሩም። በአሜሪካ አገር በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በአትላንታ ከተማ የአቤንኤዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበሩት ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። ዓለም በይበልጥ የሚያውቀው በዚሁ ስም የሚጠሩትን ልጃቸውን፣ የኖቤል የሰላም ተሸላሚውን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ነው። እኛ የምንተርከው ስለ አባትየው፣ ወዳጆቻቸው ሁሉ «አባባ ኪንግ» እያሉ ይጠሯቸው ስለ ነበሩት ሽማግሌ ነው። (በታሪካቸው ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባፕቲስት ማለት አጥማቂ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስለ ጥምቀት ያላቸው ትምህርት ከእኛ ይለያል። እኛ ወንድ ልጅን በ40፣ ሴት ልጅን በ80 ቀን አጥምቀን የክርስቶስ አካል እናደርጋለን፤ እነርሱ ግን ራሱ አምኖ የመሰከረውን ብቻ ያጠምቃሉ። ይህን ልዩነት የምንሸፋፍነው አይደለም። ነገር ግን ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ ሲመልስ፣ ካህኑንና ሌዋዊውን አሳልፎ የሳምራዊውን ሰው ምግባር ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል። መልካም ምግባር ከየትም ቢገኝ መማሪያ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በእነዚያ ክርስቲያኖችና በእኛ መካከልም የቆየ ዝምድና አለ። ጥቁር አሜሪካውያን በባርነት በነበሩበት ዘመን ሁሉ፣ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የተናገረውን የዳዊት መዝሙር እንደ ተስፋ ስንቅ ይዘውት ኖረዋል። በኒው ዮርክ በ1808 የተመሠረተው የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን «አቢሲኒያን» የሚለውን የአገራችንን የቀድሞ መጠሪያ ስሙ አድርጓል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ በዚያ ተገኝተው የኢትዮጵያን መስቀል አበርክተዋል።

ከጭሰኛ ጎጆ እስከ መንበረ ስብከት

አባባ ኪንግ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ከአትላንታ ደቡብ በምትገኝ ስቶክብሪጅ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ማይክል ነበር። አባታቸው ጄምስ ኪንግ በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ደክመው ሲያበቁ ምርቱንም ሒሳቡንም የሚይዘው ባለ መሬቱ ነበርና ከዕዳ በቀር የሚተርፋቸው አልነበረም። ይህ ምሬት ወደ መጠጥ ወሰዳቸው፤ መጠጡም ጠብን ወደ ቤት አመጣ። አንድ ቀን አባትየው ሰክረው እናትየውን ሲመቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩት ልጅ መካከል ገብተው ከገዛ አባታቸው ጋር ተናነቁ። ቤት ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ያዩት በልጅነታቸው ነበር ማለት ነው።

እናታቸው ዴሊያ ግን እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ልጆቻቸውን ወደ ቤተ ጸሎት የሚያስከትሉ ሴት ነበሩ። ልጁ በገጠሩ የነጮችን ግፍ በዐይናቸው አይተው፣ በአካላቸውም ቀምሰው ነበርና በልባቸው ጥላቻ ሥር እየሰደደ ሄደ። እናትየው ይህን ስለ ተረዱ ጥላቻ ሌላ ጥላቻን ከመውለድ በቀር ፍሬ እንደሌለው እየነገሩ መከሯቸው። እናትየው በ1924 ዐረፉ። የምክራቸው ዋጋ የታወቀው ግን ከ50 ዓመት በኋላ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

ወጣቱ ማይክል ለስብከት ተጠርቻለሁ ብለው ገጠሩን ለቀው አትላንታ ሲገቡ በኪሳቸው ገንዘብ፣ በአእምሯቸውም በቂ ትምህርት አልነበራቸውም። ለትምህርት ተፈትነው የተገኙበት ደረጃ 5ኛ ክፍል ነበር። 20 ዓመት የሞላው ሰባኪ ከሕፃናት ትምህርት መጀመሩ ያሳፍራል። እርሳቸው ግን ቀን እየሠሩ ማታ እየተማሩ ገፉበት። በኋላም ሞርሐውስ ወደ ተባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ለመግባት ተፈትነው ቢወድቁም ተስፋ አልቆረጡም፤ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ፕሬዚዳንት ገብተው አቤቱታቸውን በማቅረብ ተፈቀደላቸው። በ1930 በነገረ መለኮት ተመረቁ።

በዚህ ሁሉ ድካም መካከል ያጸኗቸው አልበርታ ዊልያምስ የተባሉ የተማሩና ጨዋ ወጣት ነበሩ። አልበርታ የአቤንኤዘር ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የፓስተር አዳም ዳንኤል ዊልያምስ ብቸኛ ልጅ ናቸው። የገጠሩ ልጅ የመጋቢውን ልጅ ለማግባት 6 ዓመት ያህል በትዕግሥት ጠበቁ። ጋብቻቸው የተፈጸመው በኅዳር 1926 በዚያው በአቤንኤዘር ነው። በዚያን ዘመን በከተማዋ ያገባች ሴት በመምህርነት እንድትቀጥል አይፈቀድም ነበርና፣ ወይዘሮ አልበርታ ትዳራቸውን መርጠው የመምህርነት ሥራቸውን ተዉ።

ሙሽሮቹ የገቡት ከወላጆቻቸው ጋር በኦበርን ጎዳና በሚገኘው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ከዚያ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ በእግር የሚደረስ አጭር መንገድ ነው። ሦስቱም ልጆቻቸው በዚያ ቤት ተወለዱ፤ የመጀመሪያዋ ክርስቲን በ1927፣ ሁለተኛው በ1929፣ ሦስተኛው አልፍሬድ ዳንኤል በ1930። ሁለተኛው ልጅ የተወለደበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ የቅድስት ሥላሴ በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው።

የእርዳታው ድንጋይ

አቤንኤዘር የሚለው ስም ከመጽሐፈ ሳሙኤል የተገኘ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ መርዳቱ መታሰቢያ ያቆመው ድንጋይ መጠሪያ ሲሆን፣ የእርዳታ ድንጋይ ማለት ነው። የአትላንታው አቤንኤዘርም ለአባባ ኪንግ ቤተ ሰብ የእርዳታ ድንጋይ ሆኖላቸዋል። አማታቸው በ1931 ባረፉ ጊዜ መጋቢነቱ ለእርሳቸው ተሰጠ። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። በመላው አሜሪካ የኢኮኖሚ ውድቀት ደርሶ ሰው ሥራ ያጣበት፣ ምእመናን መባ የሚሰጡት ያጡበት፣ ቤተ ክርስቲያኑም በዕዳ የተያዘበት ዘመን ነበር። አዲሱ መጋቢ ከጭሰኛው አባታቸው ቤት የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር ሒሳብ ያልያዘ ሰው ተበዳይ እንደሚሆን ነበርና፣ የቤተ ክርስቲያኑን ገቢና ወጪ በሥርዓት አስይዘው፣ ምእመናኑን ቤት ለቤት እየጎበኙ ሰበሰቡ። በመቶዎች ይቆጠር የነበረው የምእመናን ቁጥር በዘመናቸው በሺህዎች ለመቆጠር በቃ።

ወይዘሮ አልበርታ ደግሞ ኦርጋን ተጫዋችና የመዘምራን መሪ ሆነው በዚያው ያገለግሉ ነበር። ባል በአትሮኖስ፣ ሚስት በኦርጋን፣ ልጆች በአግዳሚ ወንበር፤ እሑድ ለእሑድ የዚያ ቤተ ሰብ መልክ ይህ ነበር። በሳምንቱ ቀናት ደግሞ ማዕዳቸው ከጸሎት ተለይቶ አይታወቅም። አባባ ኪንግ ቁጣቸው ፈጣን፣ ትእዛዛቸው ጥብቅ ነበር፤ ልጆቻቸውንም በበትር ይቀጡ ነበር። ወይዘሮ አልበርታ በጸጥታና በለሆሳስ የሚያርሙ ስለ ነበሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ።

እኛ ካህናትና ዲያቆናት ከዚህ የምንማረው አለን። በዓል በመጣ ቁጥር በማሕሌቱና በቅዳሴው እንጠመዳለን፤ ልጆቻችንም ከአባታቸው ጋር ሊፈስኩ ጓጉተው ያለ እኛ ይተኛሉ። አገልግሎቱ ግድ ነው። ከአገልግሎት የተረፈውን ሰዓት በየሰዉ ቤት ስንዞር ብንፈጅው ግን ለቤታችን ዕዳ ይሆንብናል። አባባ ኪንግ ከቤታቸው ሳይርቁ ያገለገሉት ቤቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አገልግሎት አድርገው ስለ ቆጠሯቸው ነው።

በ1934 የዓለም ባፕቲስቶች ጉባኤ በበርሊን ሲደረግ አባባ ኪንግ ተካፋይ ሆነው ተጓዙ። በጉዟቸውም በግብፅ በኩል አልፈው ኢየሩሳሌምንና ቤተ ልሔምን ተሳልመዋል። በበርሊን የናዚ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ጉባኤው ግን በዚያው ከተማ በአይሁድና በጥቁር ሕዝቦች ላይ የሚደረገውን የዘር ጥላቻ አወገዘ። ከዚህ ጉዞ ከተመለሱ በኋላ ማይክል መባላቸው ቀርቶ፣ እርሳቸውም ሁለተኛው ልጃቸውም በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ስመ ጥር በሆነው በማርቲን ሉተር ስም መጠራት ጀመሩ።

የልጅ ዐይን የሚያየው

አባት ለልጁ የሚያስተምረው በቃል ብቻ አይደለም። አንድ ቀን አባባ ኪንግ ለትንሹ ማርቲን ጫማ ሊገዙ ወደ ሱቅ ገብተው ከፊት ካሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ሻጩ ለጥቁሮች የተመደበው ቦታ ከኋላ ነውና ወደዚያ ይሂዱ አላቸው። በዚያ አገር ሕግ ጥቁርና ነጭ በአንድ ወንበር፣ በአንድ ምግብ ቤት፣ በአንድ ትምህርት ቤት አይገናኙም ነበር። አባባ ኪንግ ከዚሁ ከተቀመጥንበት ካልተስተናገድን ምንም አንገዛም ብለው የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። በሌላ ጊዜ መኪና ሲነዱ ያስቆማቸው ፖሊስ «አንተ ልጅ» ብሎ ቢጠራቸው፣ ከጎናቸው የተቀመጠውን ትንሹን ማርቲንን እያመለከቱ ልጅ ይህ ነው፣ እኔ ግን ሰው ነኝ ሲሉ መለሱለት። ልጁ ይህን ሁሉ በዐይኑ አየ። በኋላ ዓለምን ያንቀጠቀጠው የዶክተር ኪንግ ድፍረት ምንጩ ከዚህ የአባት እጅ ነው።

ፓስተሩ ለሕዝባቸውም በዚሁ መንገድ ቆመዋል። በ1930ዎቹ አጋማሽ የመምረጥ መብታቸውን የተነፈጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮችን አሰልፈው ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሄደዋል፤ ጥቁር መምህራን ከነጭ መምህራን እኩል ደመወዝ እንዲያገኙም በብርቱ ታግለዋል።

ነገር ግን ሰው እንደ መሆናቸው ድካምም ነበራቸው። በ1960 ጆን ኬኔዲ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ አባባ ኪንግ ካቶሊክ አልመርጥም ብለው ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዶክተር ኪንግ በጆርጂያ ሲታሰሩ፣ ኬኔዲ ለታሳሪው ሚስት ስልክ ደውለው አጽናኗቸው። አባትየው በዚህ ጊዜ ሐሳባቸውን ለውጠው ድምፃቸውን ለኬኔዲ እንደሚሰጡ በአደባባይ ተናገሩ። ለራሳቸው ዘር ፍትሕን ሲለምኑ የኖሩ ሰው በሌላው ላይ ያደረባቸውን ጥርጥር የሻረው አንድ የርኅራኄ ቃል ነበር። ይህን የምንጽፈው ልናሳንሳቸው አይደለም፤ ከስሕተት መመለስም ከምግባር የሚቆጠር ስለ ሆነ ነው።

አባትነት ሲፈተን

ልጃቸው ማርቲን በ1954 በአላባማ ክፍለ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆኑ። በ1955 መጨረሻ ጥቁሮች በአውቶቡስ የሚደርስባቸውን መድልዎ በመቃወም ያደረጉትን አድማ እንዲመሩ ተመረጡ። በጥር 1956 ማብቂያ ባለቤታቸውና ጨቅላ ልጃቸው በውስጡ ሳሉ ቤታቸው በቦምብ ተመታ። እግዚአብሔር ጠብቋቸው ማንም አልተጎዳም። አባባ ኪንግ ይህን እንደ ሰሙ በሌሊት ወደዚያው ገሰገሱ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአድማው መሪዎች እንዲታሰሩ ትእዛዝ ወጣ። ዶክተር ኪንግ በዚያን ጊዜ በአትላንታ በኩል እያለፉ ነበር። አባትየው የከተማዋን ታላላቅ ሰዎች ወደ ቤታቸው ጠርተው፣ ልጄ ወደ ሞንትጎመሪ ከተመለሰ ይገድሉታልና እንዳይሄድ ምከሩልኝ ሲሉ ለመኑ። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ በአባትየው ሐሳብ ተስማሙ። ልጁ ግን ሕዝቡን ጥሎ ከመቅረት መታሰር እንደሚሻል ተናገሩ። በዚህ ጊዜ የሞርሐውስ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቤንጃሚን ሜይስ ከልጁ ጎን ቆሙ። አባትየው አለቀሱ። በማግሥቱ ግን ልጃቸውን ብቻቸውን አልሰደዷቸውም፤ በአንድ መኪና ተሳፍረው እጁን ወደሚሰጥበት ከተማ አብረው ሄዱ።

ወላጅ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ልጅን ከአደጋ መሸሸግ የአባት ተፈጥሮ ነው። ልጁ የተጠራበትን አውቆ መሸኘት ግን ከተፈጥሮ በላይ ጸጋ ይጠይቃል። በ1960 ዶክተር ኪንግ ከአባታቸው ጋር በአቤንኤዘር አብረው ሊያገለግሉ ወደ አትላንታ ተመለሱ። አባትና ልጅ በአንድ አትሮኖስ ያገለገሉት 8 ዓመት ብቻ ነው።

ሦስት ሐዘን

ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ዶክተር ኪንግ በሜምፊስ ከተማ በጥይት ተመትተው ወደቁ፤ የገዳዩ ዘር ነጭ ነበር። የቀብር ጸሎታቸው የተደረገው አባታቸው በሚያገለግሉበት በአቤንኤዘር ነው። በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድማቸው ፓስተር አልፍሬድ ዳንኤል ኪንግ የሟቹን ቦታ ተክተው በአባታቸው አጠገብ ማገልገል ጀመሩ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1969 እርሳቸውም በቤታቸው መዋኛ ውስጥ ሰጥመው ሞተው ተገኙ። ወላጆቹ በ15 ወራት ጊዜ ውስጥ ሁለቱንም ወንዶች ልጆቻቸውን ቀበሩ። ሁለቱም የእግዚአብሔርን ቃል አገልጋዮች ነበሩ።

አባባ ኪንግና ወይዘሮ አልበርታ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤታቸውን አልዘጉም፤ አገልግሎታቸውንም አላቋረጡም። ፓስተሩ ወደ አትሮኖሳቸው፣ ወይዘሮዋ ወደ ኦርጋናቸው ተመለሱ።

ሰኔ 30 ቀን 1974 ዕለተ እሑድ ነበር። በአቤንኤዘር የጠዋቱ ጸሎት በመካሄድ ላይ ሳለ፣ 70 ዓመት የተጠጋቸው ወይዘሮ አልበርታ የአባታችን ሆይን ጸሎት ዜማ በኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ከምእመናኑ መካከል የተቀመጠ አንድ የ23 ዓመት ወጣት ተነሥቶ ሽጉጥ ተኮሰ። ወይዘሮ አልበርታ ተመትተው ወደቁ፤ ከእርሳቸውም ጋር ኤድዋርድ ቦይኪን የተባሉ የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ሞቱ፤ አንዲት ምእመንም ቆሰሉ። ገዳዩ በዚህ ጊዜ ጥቁር ነበር፤ ክርስቲያኖች ሁሉ ጠላቶቼ ናቸው ይል ነበር።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዲቁና በጳጳስ አንብሮተ እድ የሚሰጥ የክህነት ማዕረግ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ዲያቆን የሚባለው ምእመናን መርጠው ለአገልግሎት የሚያቆሙት ሽማግሌ ነው። የአገልጋይነት ትርጉሙ ግን አንድ ነውና፣ በቤተ ጸሎት ውስጥ በአገልግሎት ላይ ሳሉ ደማቸው የፈሰሰውን ኒያን አዛውንት፣ በዲቁና የምናገለግል እኛ ስናስባቸው ልባችን ይነካል።

እንግዲህ እናስተውል። ያቺ ሴት የተወለዱት በመጋቢ ቤት ነው፤ የተዳሩት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ልጃቸውን የሸኙት ከዚያ ነው፤ የሞቱትም በዚያው ነው። አባባ ኪንግ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤታቸውንና ቤተ ጸሎታቸውን አንድ አድርገው ኖሩ። ሰይፉም በመጣ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ቦታ አገኛቸው። ልጅ የገደለባቸውን ነጭ፣ ሚስት የገደለባቸውን ጥቁር መጥላት ቢፈልጉ ማን ይፈርድባቸው ነበር?

እርሳቸው ግን የሁለቱንም ገዳዮች ዘር ጠቅሰው፣ ሁለቱንም ለመጥላት ጊዜ እንደሌላቸው፣ ሰውም ራሱን ከሁሉ የሚያወርደው ለጥላቻ ሲሸነፍ እንደ ሆነ መሰከሩ። ከ50 ዓመት በፊት ያረፉት የእናታቸው የዴሊያ ምክር በዚህች ሰዓት ፍሬ አፈራ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ወይዘሮ አልበርታ በመጨረሻ ሰዓታቸው ዜማውን የተጫወቱት ጸሎት፣ እኛም በየዕለቱ አቡነ ዘበሰማያት እያልን የምንጸልየው ነው። በዚያ ጸሎት ምሕረትን የምንለምነው እኛ ለበደሉን ምሕረት በምናደርግበት ልክ ነው። ሚስት በጣታቸው የጀመሩትን ጸሎት ባል በሕይወታቸው ፈጸሙት ማለት ይቻላል።

ይቅርታ ግን ፍርድን መሻር አይደለም። ወንጀለኛው ለሕግ ቀርቦ ሞት ተፈርዶበት ነበር። የኪንግ ቤተ ሰብ የሞትን ቅጣት ይቃወሙ ነበርና፣ በከፊል በዚህ ምክንያት ቅጣቱ በ1995 ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሰውየው በዚያው ዓመት በሕመም ሞተ። ቤተ ሰቡ ደምን በደም ለመመለስ አልፈለጉም፤ ሕግ ሥራውን እንዲሠራ ትተው ልባቸውን ከቂም ጠበቁ።

አባባ ኪንግ በአቤንኤዘር ለ44 ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1975 መጋቢነቱን ለተተኪ አስረከቡ። በ1976 በኒው ዮርክ የተደረገውን የዴሞክራቲክ ፓርቲ ታላቅ ጉባኤ በጸሎት እንዲዘጉ ተጋብዘው ጸልየዋል። የሕይወት ታሪካቸውንም በ1980 አሳትመዋል። ኅዳር 11 ቀን 1984 ዐርፈው በአትላንታ ከወይዘሮ አልበርታ ጎን ተቀበሩ። የተወለዱት ልጆች ቤትና ያ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በኦበርን ጎዳና ቆመው በጎብኚዎች ይታያሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ

ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ተነሥተው በእልልታ ወደ መንበራቸው ሲመለሱ እኛም ወደየቤታችን እንመለሳለን። ምን ይዘን ነው የምንመለሰው? የአገራችን ሽማግሌዎች «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ሌባ ሳሉ እንደሚያጋልጠው፣ ጸሎተኛንም ቂሙ ያጋልጠዋል። በእነዚህ ዓመታት በአገራችን በብዙ ቤቶች ሐዘን ገብቷል፤ እንባቸው ገና ያልደረቀ እናቶች፣ ልጃቸውን የቀበሩ አባቶች በዚህ በዓል በመካከላችን አሉ። እነርሱን ቸኩለን ይቅር በሉ ማለት አይገባንም፤ አጠገባቸው ተቀምጠን አብረን ማልቀስ ይቀድማል። አባባ ኪንግም ከአትሮኖሱ ይቅርታን የሰበኩት እንባ የማያውቃቸው ሆነው አይደለም።

ከዚህ ታላቅ ሐዘን በታች የሆነ፣ ነገር ግን ቤት የሚያፈርስ ሌላ ቂምም አለ። በርስት የተጣሉ ወንድማማቾች፣ በቃል የተቃየሙ ባልና ሚስት፣ ለዓመታት የማይነጋገሩ አባትና ልጅ፣ በአንድ ባሕረ ጥምቀት ዳር ቆመው በአንድ ውኃ ይረጫሉ፤ ከዚያም በተለያየ መንገድ ይሄዳሉ። ጌታ ነገ በቃና የሚገባው ወደ እንዲህ ያለው ቤት ነው። ወይን ጠጁ ያለቀበትን፣ ፍቅሩ የጎደለበትን ቤት እርሱ ያውቀዋል። እመቤታችንም የጎደለውን አይታ ለልጅዋ የነገረችው ሳትጠየቅ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው በቤታችን ያለውን ጋን ውኃ መሙላት፣ ማለትም የመጀመሪያውን የሰላምታ ቃል መናገር፣ ንስሐ አባታችንን ወይም ሽማግሌ ልኮ እርቅ መለመን ነው። ወይን ማድረጉ የእርሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ ነገ በቃና ዘገሊላ ዕለት ማዕዳችንን ስንዘረጋ ከማዕዱ የራቀ ዘመድ እንዳለ እንመልከት። አንድ መሶብ ጨርሶ የማይሞላው ተጣልቶ የቀረ ሰው ካለበት ነው። ያ ሰው እስኪመጣ አንጠብቅ፤ እኛ ሄደን እንጥራው።

በዓሉ የሰላም፣ የእርቅና የፍቅር በዓል ይሁንልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።